ጣና ዳር፣ ከጂንጃው ሰውዬ ጋር

አዳማ ለኖረ ሰው ባሕር ዳር መጀመሪያ የምታስቀናው በጥላዋ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ዘንባባ ነው። እኛ ጋ ያለው ነፋስና አቧራ ነው፤ እሱንም ለምደነዋል። የሄድኩት ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር፣ እምቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም ከሳተላይት ምስል ላይ ለይቶ ለማወቅ ለሚሰጥ ስልጠና። የዓባይን ውሃ ከሚጋሩ አገሮች የተውጣጣን ነበርን። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳ፣ ደጀን ላይ ቁርስ በላን፣ የቀረውን ጎጃም ተኝቼ አለፍኩት።

ከመናኸሪያ ሆቴሉ ድረስ ባጃጁ 100 ብር ተቀበለኝ። የሆቴሉ ዘበኛ ሰምቶ ሳቀብኝ፤ "ሠላሳ ነው እኮ!" አለ። ሆቴሉን ስሙን አልጠራም። ሐይቁ ዳር ነው፣ ቦታው ያምራል፣ ግን ጥር ነው፣ ሰርግ አለ። ስፒከሩን ከመስኮቴ ሥር ነው የደገኑት። አልጋዬ ከእስክስታው ጋር ይንቀጠቀጣል። አጎበሩ ደግሞ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው፤ ትንኞቹ እንደ ታዳሚ ነው የገቡት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወርጄ እንግዳ መቀበያ ያለችውን ልጅ አቤት አልኳት። "ጋሼ፣ ሰርግ እኮ ነው" አለችኝ። ምን ይባላል? ተመልሼ ወጣሁ።

ጠዋት ቡና ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠው ኡጋንዳዊ በደንብ ተኝቶ አድሯል። ቀናሁ። የመጣው ከጂንጃ ነው፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ከሚወጣባት ከተማ። እነሱ ጋ ውሃው ከሐይቁ ሲወጣ ያያሉ፣ ባሕር ዳሮችም እንዲሁ። ሁለቱ ከተሞች እህትማማች ሆነው ነው የታዩኝ፣ እምቦጭ ደግሞ ለሁለቱም ደርሷቸዋል። ቪክቶሪያ ላይ ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ጣና ላይ ደግሞ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ።

የስልጠናው ዋና ነገር ሴንቲኔል-2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ናቸው። በየ5 ቀኑ ያልፋሉ። በምስሉ ላይ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ ሰፊ የእምቦጭ ምንጣፍ አያመልጣትም። ምስሉ በነፃ ነው። ደብዳቤ የለም፣ ማህተም የለም፣ ስም ይመዘገባል፣ ይወርዳል። የሆቴሉ ኢንተርኔት ቢፈቅድ ማለቴ ነው። አንዷን ምስል ለማውረድ ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ስለ እግር ኳስ ተጨቃጭቀን ተመለስን፤ አሁንም ግማሽ ላይ ናት።

ከዚያ የሐይቁ የውሃ ከፍታ መረጃ አስፈለገን። ውሃው ሲቀንስና ሲጨምር አረሙ ዳር ላይ ይቀራል ወይስ ይንሳፈፋል የሚለውን ለማየት ነው። መረጃው ያለበት መሥሪያ ቤት ከሆቴሉ በእግር ይደረሳል። ሄድኩ። የድጋፍ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትህ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ፣ በስልክ ፎቶ ተልኮልኝ። "ዋናው ይቅረብ" ተባልኩ። ዋናው አዳማ ነው! ሳተላይቱ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ የሰጠኝን ነገር ያህል፣ ከመንገድ ማዶ ያለው ሼልፍ አልሰጠኝም። የዓባይ አገሮች የትብብር መድረክ የሆነው ናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ የካቲት 1991 ዓ.ም. ሲመሠረት አገሮቹ ሊያቀሉት ካሰቡት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ከተቀመጠ ቆይቷል። በኋላ የመጣው የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትም መረጃ በየጊዜው መለዋወጥን በአንቀጽ ይዞታል፤ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና ካጸደቀች በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። እኔ ግን ያኔ ከካምፓላ ይልቅ ያስቸገረኝ የዚያ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ነበር።

የመስክ ጉብኝቱ ወደ ፎገራ ነበር። ሩዝ በሩዝ ነው አገሩ። እሱም እንግዳ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣ ዘር ነው፣ አሁን የፎገራ ሰው ያለ ሩዝ አይታሰብም። ከሩዙ ማዶ ሐይቁ መጀመር የነበረበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ሜዳ አየን። ከብት የሚሰማራበት ይመስላል። አበባው ወይን ጠጅ፣ በጣም የሚያምር። ያናድዳል ማማሩ።

ሱሪያቸውን ጉልበታቸው ድረስ የጠቀለሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ተቀበሉን። የጂንጃው ሰውዬ አንዱን ነቀለና ግንዱን ሰበረው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ለዚያ ነው የሚንሳፈፈው። ሥሩ ጥቁር፣ ጠጉር የመሰለ፣ ጭቃ ያንጠባጥባል። ቅጠሉን አገላብጦ የሚፈልገውን አጣ፤ ጢንዚዛ ነው የሚፈልገው። እነሱ ጋ በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሐይቁ ላይ ከለቀቋት በኋላ ቅጠሉን ትፍቃለች፣ እጯ ግንዱን ትቦረቡራለች፣ አረሙም ይሰምጣል። አስተረጎምኩ።

"ሩዜ ላይ ብትዞርስ?" አሉ አዛውንቱ።

"ከእምቦጭ ሌላ አትበላም፤ ካጣች ትሞታለች" አለ።

"ሰው እንኳን ሲርበው ያልለመደውን ይበላል። እሷን ምን ልዩ ያደርጋታል?"

ሰውዬው ሳቀ፤ ከመለቀቋ በፊት ያንኑ ጥያቄ ለመመለስ በሌሎች ተክሎች ላይ ዓመታት እንደተሞከረች ነገራቸው። ደግሞ አልዋሸም፤ ቪክቶሪያ ላይ ጢንዚዛዋ ብቻዋን አይደለም ያሸነፈችው፣ የ1997/98ቱ (እ.ኤ.አ.) ኤልኒኞ ያመጣው ማዕበልና ዝናብም አግዟታል፣ አንዳንድ ቦታም አረሙ ተመልሷል አለ። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ነው ያመኑት። ቤታቸው ወስደው ጠላ አጠጡን። ገንዘብ ልስጥ ብል ተቆጡኝ፤ "ልጄ፣ እንግዳ ናችሁ!" የባጃጁ 100 ብር ትንሽ ከሆዴ ወጣልኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው ሰውዬው የጣለብኝ። "እናንተ እኮ ጢንዚዛዋን ከኛ ወስዳችኋል። ወንጂ ላይ አራብታችኋል" አለኝ።

ወንጂ! ከአዳማ ቤቴ በታክሲ የሚሄድበት ወንጂ። ቆቃና አዋሽ ላይ እምቦጭ የታየው ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ጣና ላይ ከመታየቱ 46 ዓመት በፊት ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ቆቃ ላይ ዓሣ ልንበላ ስንሄድ አረሙን እየጎተትኩ ተጫውቻለሁ። የፎገራ ገበሬ ከቆቃ ገበሬ ጋር አንድ ቀን ተገናኝቶ ይሆን? እኔ የሰፈሬን ዜና የሰማሁት ከኡጋንዳዊ፣ ባሕር ዳር መንገድ ላይ ነው። ሰውዬው ፊቴን አይቶ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ፤ ጨዋ ነው።

የቀረው ጊዜ ስብሰባና ሰርተፍኬት ነው። ዘጌም ሄደናል፣ ጀልባው 1,500 ብር ተጠርቶ በ900 ተስማማን፣ ቡናቸው ጥሩ ነው።

የውሃ ከፍታው መረጃ ከተመለስኩ በኋላ መጋቢት ላይ ደረሰኝ። በኢሜይል፣ ስካን ተደርጎ፣ ገጾቹ ተጋድመው፣ ሁለት ክረምት ጎድሎበት። ቁጭ ብዬ በእጄ ወደ ኤክሴል ገለበጥኩት፣ ለጂንጃው ሰውዬም ላክሁለት። ሻይዬን ሳልጨርስ መለሰልኝ፤ የቪክቶሪያን ከፍታ ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተለካውን፣ አንድ ፋይል አድርጎ። ከሥሩ "የጎደሉትን ክረምቶች ስታገኝ ላክልኝ" ይላል። ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በዋናው፣ በማህተም።