እታለም፣ ዛሬ ቡናሽን ቆላሁ
ዛሬ ሐሙስ አይደል፣ ሂርማታ ገበያ ወረድኩ። እታለም ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አርባዋ ከወጣ ሁለት ሳምንት ቢያልፍም እግሬ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ቡና ሻጯ ገና ስታየኝ "እህትሽስ? ጠፋች እኮ!" አለችኝ። አልሰማችም ለካ። እንዴት እንደነገርኳት አላውቅም፤ ብቻ ጣሳውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዝም አለች፣ ከዛ ሁለት ጣሳ ሰፍራ ሦስተኛውን መረቀችልኝ፣ እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

እታለም ቡና ስትገዛ ፍሬውን መዳፏ ላይ ዘርግታ፣ አሽትታ፣ አንዷን በጥርሷ ሰበር አድርጋ ነው። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጸጉሬን ስትሠራኝ ባለሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ እኔን ጉልበቷ መሃል አስገብታ ነበር።

ማታ እዛው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቆላሁ። ትንሽ አረረብኝ። "ዓይንሽን ከምጣዱ አታንሺ" ትለኝ ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም አፈላሁ። የሷንም ሲኒ ቀዳሁላት። እስካሁን ረከቦቱ ላይ ነው፣ ላነሳው አልቻልኩም።