ማሲንቆን ለክሊክ ያስገበርኩበት ክረምት

ደሴ ላይ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ አልበሜ መሠረቱ ሃውስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ ቢሆንም ጃዝም፣ ከሬጌ የወጣው ደብም፣ የወሎ ቅኝትም አለበት። ከበሮውንና ቤዙን በላፕቶፕ ሠራሁ፤ የመንዙማ ድምፅ ቆርጦ ለጭፈራ ማዋል ስላልዋጠልኝ ጭብጨባውን ራሴ አጨበጨብኩ። ይህ ሁሉ ያለ ችግር አለፈ።

ያቃጠለኝ የማሲንቆው ቀረጻ ነው። የስቱዲዮ ሰዎች ሁሉ «ሁሉንም በክሊክ ቅረጽ» ይላሉ፣ ማለትም ተጫዋቹ በማዳመጫ የሚሰማውን ቋሚ የማሽን ምት እየተከተለ ይጫወት፤ እኔም አንድ አዛውንት አዝማሪ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ጭኜ በደቂቃ 124 ምት ለቀቅሁባቸው። «ልጄ፣ እኔ ልጠብቀው ነው ወይስ እሱ ይጠብቀኝ?» አሉኝ። ሳቅሁ። ወሩ ሐምሌ ነበርና የደሴ ጉም የማሲንቆውን ቆዳ ያረጥበዋል፤ ቆዳው በላላ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል፣ እሳቸውም ከሰል ላይ ሞቅ አድርገው ደጋኑን ዕጣን ቀብተው እንደገና ይቃኛሉ። ስቱዲዮው በሰዓት ስለሚከፈልበት ግን «ይቸኩሉ እንጂ ጋሼ» እላቸው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሌሊት ቁጭ ብዬ የተዛነፈ የመሰለኝን ድምፅ በሶፍትዌር እየጎተትኩ ከፒያኖ ድምፆች ጋር አስተካከልኩት። አምባሰል አምስት ድምፆች ብቻ ያሉት ቅኝት ነው፤ ለዛው ግን ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ በሚደርስበት መንገድ ላይ ነው፣ እኔ የደመሰስኩትም ያንኑ መንሸራተት ነው። ድምፁን ያዋሐደው ባለሙያ «ንጹሕ ሆኗል» ብሎ ገንዘቡን ተቀበለ፤ እስካሁን ብናደድበትም የላክሁለት እኔው ነኝ። አዛውንቱ ከፍቼ ሳሰማቸው ዝም ብለው አዳምጠው «ማነው የመታው?» ብለው ጠየቁኝ።

በጥር ኮምቦልቻ ወርደን ያለ ክሊክ ቀረጽናቸው። ከ117 ተነሥተው 126 ደረሱ፤ ከበሮዬን በእሳቸው ፍጥነት፣ ሲንተሳይዘሬን በእሳቸው ክር ቃኘሁ። ዲጄዎች «ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ ከሌላ ዘፈን ጋር ለማያያዝ አይመችም» ይሉኛል፤ አይመቻቸው። ማሲንቆ የምታስገቡ ከሆነ ተጫዋቹን ቀድማችሁ ቅረጹ፣ ማሽኑን ኋላ አምጡት፣ በክረምት ደግሞ ደሴ ላይ አትሞክሩት። ውሉንም በጽሑፍ አድርጉት፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙም፣ ማለትም ተጫዋቹም፣ መብት አለው።

የተበላሸውን ቅጂ ግን በነጠላ ዘፈንነት ለቅቄው ስለነበር አሁንም በየካፌው ይከፈታል፤ እሳቸውም ይሰሙታል።