ናይሮቢ በነጻ ሠርቼ ወደ ሐይቅ

ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ግማሽ ታሪኬን አውጣጥተውኝ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ሐይቅ የትኛው ሰፈር እንዳደግኩ፣ የአጎቶቼን ስም፣ ሁሉንም። ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ።

«አሁን ከየት ነው የምትመጪው ልጄ?»

«ከናይሮቢ።»

«በሕጋዊ ነው ወይስ በእግር?»

ወሎ ውስጥ ውጭ አገር ነበርኩ ካልክ መጀመሪያ የምትጠየቀው ይሄንን ነው። ሰው የሚወጣው ለሥራ ነው፤ ሥራ ማለት ደግሞ ሳውዲ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት። በሞያሌ፣ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም አስመትቼ፣ ጠበቆች ቢሮ ልምምድ ለመሥራት እንደሄድኩ ነገርኳቸው። «ስንት ይከፍላሉ?» አሉኝ። አይከፍሉም አልኩ። «ወላሂ?» አሉና ከሚሴ እስክንደርስ ዝም። ከሚሴ ላይ ሙዝ ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ። ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ሕግ የተማርኩት ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ደሴ ግቢ ነው። እዚያ እያለን ኤክስተርንሺፕ (በትምህርት መሃል የሚሠራ የተግባር ልምምድ) ወጥተናል፤ ፍርድ ቤትም ዐቃቤ ሕግም። መዝገብ ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ እንጂ ቁጭ አድርጎ «ይሄንን ጻፊ፣ ይሄ ቀሽም ነው፣ እንደገና» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። አንዳንድ ጓደኞቼ ደህና ዕድል ነበራቸው፣ እውነቱን ለመናገር። እኔን ግን ውጭ ያስመኘኝ ይሄው ነው።

ናይሮቢን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ኬንያ ለመግባት ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልግም። (ይሄ ግን የሥራ ፈቃድ አይደለም። ለልምምድም ቢሆን ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ይወጣል፣ የሚቀበልህ ቢሮ ነው የሚያስጨርሰው፣ እሱን ሳታረጋግጥ እንዳትነሳ።) ሁለተኛው ምክንያት የየብስ መንገዱ ነው። የአውሮፕላን ገንዘብ አልነበረኝም።

ቢሮው ትንሽ ነው። የሠራተኛ ጉዳዮችን ነው የሚይዘው። ከእኔ ጋር ጠበቃ ለመሆን የሚሰለጥኑ የኬንያ ልጆች ነበሩ። እነሱ አገር አራት ዓመት ሕግ ከተማርክ በኋላ የኬንያ ሕግ ትምህርት ቤት ገብተህ፣ ስድስት ወር ደግሞ ጠበቃ ሥር ሠርተህ፣ ፈተና አልፈህ ነው ጥብቅና የምትቆመው። ስለዚህ አለቆቹ ጀማሪ ማሠራት ለምደውታል። እኔ በዚያ ልምምድ ኬንያ ውስጥ ጠበቃ አልሆንም። ግን ሥር ሥራቸው እየሄድኩ የሚታዘዙትን ታዘዝኩ።

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ክርክራቸው ነው። እኛ አንቀጽ እንጠራለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ የተሠራው በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፣ ያስለመደንም ያንን ነው፤ ቁጥሩን ካወቅህ ግማሽ ጠበቃ ነህ። እነሱ የእንግሊዝን መንገድ ስለያዙ ዳኛው ፊት «በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ እንዲህ ተወስኗል» ብለው ነው የሚጀምሩት። ፍርዶቹ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተለቅመው ተቀምጠዋል፣ አንድ ጠዋት ሙሉ አንድ ፍርድ ስትፈልግ ትውላለህ። እኛም እኮ ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ የታተሙባቸው የሰበር ቅጾች አሉ። ተማሪ ሳለሁ የምንገልጣቸው ለፈተና ሲሆን ነበር፤ አሁን ቁጭ ብዬ እንደ ልብ ወለድ አነባቸዋለሁ።

ሥራው አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ገጽ ቁጥር መስጠት፣ ማስረጃ በተራ ማሰር፣ ናይሮቢ አቤቱታ የሚገባው በኦንላይን ስለሆነ ስካን ማድረግ። አለቃዬ የነበረችው ጠበቃ ግን አንድ ነገር አስለመደችኝ። ማንኛውም መዝገብ ሲመጣ፣ ሕግ ከመጥቀሴ በፊት፣ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ። ቀን፣ የሆነው ነገር፣ ማስረጃው። ማስረጃ የሌለው መስመር ላይ «የለም» ብለህ ትጽፋለህ፣ ባዶ አትተውም። ስንት ጊዜ እንደመለሰችብኝ! ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ የተመለሱ ኬንያውያን ሴቶች ፋይል ነበር፣ በሱ ነው የተለማመድኩት። ፋይሉን ሳነብ ሰፈሬን ያነበብኩ ነው የመሰለኝ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ እዚያው ቀረና ሐረጎን ጠመዝማዛ መውጣት ጀመርን። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ደሴ ስገባ ጃኬት አወጣሁ። አባትየው መናኸሪያ ላይ ግንባሬን ስመው «አላህ ከፍ ያለ ደመወዝ ይስጥሽ» ብለው መረቁኝ። አሜን ነው መቼም።

ደሴ ያደርኩት የአጎቴ ልጅ ጋ ነው። አምስተኛ ዓመት ሕግ ተማሪ ነው። ፒያሳ ቡና ልንጠጣ ብሎ ወስዶኝ ለካ የክፍሉን ግማሽ ጠርቷል። ሁሉም የሚጠይቁት ሄግ ነው። ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ ጄኔቫ፣ ተባበሩት መንግሥታት። እኔ ደግሞ ኪስህ ውስጥ ስንት አለህ ነው የምለው። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ለኢንተርን ደመወዝ አይከፍልም፤ ሄግ ላይ ቤት ኪራይ ማን ይከፍልልሃል? ታንዛንያ ውስጥ አሩሻ ግን አለ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ያለው አሩሻ ነው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤትም እዚያው። ጋምቢያ፣ ባንጁል ላይ የአፍሪካ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አለ። ስለነዚህ የጠየቀኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም ጥግ ላይ የተቀመጠው ዝምተኛው። ደግሞ የሚያስቀው፣ ከሌላ አገር ልጆች ለልምምድ አዲስ አበባ ይመጣሉ፤ አፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚያ ስለሆኑ። እኛ ቦሌን አልፈን ነው የምናስበው።

ማመልከቻቸውን አየሁላቸው። አምስቱ ደብዳቤዎች አንድ ናቸው፣ የቢሮው ስም ብቻ ተቀይሯል። ሁሉም «ትጉህ፣ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል» ነው። እንዲህ ዓይነቱን ማንም አያነበውም። የጻፍከውን ነገር አያይዝ አልኳቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፍህን መቶ ገጽ ሳይሆን ከሱ የተሻሉትን ጥቂት ገጾች፣ ወይ ሙት ኮርት (የተማሪዎች የምስለ ችሎት ውድድር) ላይ ያዘጋጀኸውን ክርክር። ምስክር የሚሆንህ መምህር ደግሞ ስምህን የሚያስታውስ ይሁን። አንዱ ደግሞ «ኢንተርንሺፕ አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው ገንዘብ እንደጠየቀው ነገረኝ። ደላላ እዚህም ደረሰ! እኔ ባመለከትኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ቅጽ ለመሙላት ገንዘብ የጠየቀኝ የለም።

«አንቺስ ወጪሽን በምን ቻልሽው?» አለ ዝምተኛው።

ጂዳ ያለችው እህቴ ናት የላከችልኝ። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የእሷ ደመወዝ የናይሮቢ ክፍሌን ኪራይና የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ሒሳብ ከፈለ፣ እኔ በነጻ እንድሠራ። ይሄን ስል ጠረጴዛው ዝም አለ። ዝም ማለታቸው ደስ አላለኝም፣ ግን ሌላ መልስ የለኝም። በነጻ ልምምድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከኋላው የሚከፍልለት አለ፣ የአንዳንዱ አባቱ ነው፣ የእኔ እህቴ ናት።

በማግስቱ በሚኒባስ ሐይቅ ገባሁ። ከደሴ ቅርብ ነው፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐይቁን ያየሁት በመስኮት ብቻ ነው፣ ምክንያቱም አክስቴ ቤት ቡና ቀርቦ ጎረቤት ተሰብስቧል። ዱአው ተደረገ፣ አቦሉ ተቀዳ፣ ሁለተኛው ሳይደርስ አክስቴ «እህትሽ ትልካለች አንቺ በነጻ ትሠሪያለሽ፣ ምን ጉድ ነው እቴ?» ብላ ሰው ፊት ጠየቀችኝ። ከዚያ መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ጎረቤቷ ዞራ «ወረቀትሽን አምጪላት» አለቻት።

ወረቀት መጣ። የአንዷ ተከትሎ የሌላዋ። ፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ የሥራ ውል፣ በአረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዱ በአማርኛም። አንዷ ልትሄድ የተዘጋጀች ልጅ ደላላው ለቪዛ ብሎ ብር ጠይቋታል። በአዋጅ 923/2008 የመግቢያ ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ መድኑም አሠሪው ላይ ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት የመሳሰለው ነው የሷ። «እንዳትከፍይ» አልኳት። «ካልከፈልኩ አይወስደኝም» አለች። ይሄንን ናይሮቢም አላስተማሩኝም።

ሌላዋ የተመለሰች ናት። ደመወዟ ቀርቷል። ሠንጠረዤን አወጣሁ። ቀን፣ የሆነው፣ ማስረጃው። ቀኑ ላይ ተያዝን። «መቼ ገባሽ?» ስላት «ከመውሊድ በፊት» አለች። ደመወዝ የቆመው «አረፋ ማግስት»፣ የሸሸችው «እዚህ አገር ጥምቀት ሲሆን፣ እናቴ በኢሞ ስለነገረችኝ»። የመኖሪያ ፈቃዷ በሂጅራ ነው፣ ውሉ በፈረንጅ፣ የኛ መዝገብ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ስልኬን ከፍቼ ሦስቱን ካላንደር እያመሳሰልኩ አመሸሁ። ጎረቤቶቹ ደግሞ ያግዛሉ፤ «ያኔ እኮ የእንትና ሰርግ ነበር»፣ «የለም፣ ሰርጉ ከጾም በፊት ነው»። አንዲት እናት የሐዋላ ደረሰኞችን በቅደም ተከተል በክር ጠልፈው ይዘው መጡ። አለቃዬ ብታያቸው በደስታ ትቀጥራቸው ነበር። ሦስተኛው ዓምድ በነዚያ ደረሰኞች ሞላ፤ ደረሰኙ የቆመበት ወር ደመወዙ የቆመበት ወር ነው። አዋጁ የላካትን ኤጀንሲ ከውጩ አሠሪ ጋር በአንድነትና በነጠላ (ሁለቱንም ወይም አንዱን ብቻ መክሰስ ይቻላል ማለት ነው) ኃላፊ ስለሚያደርገው ጂዳ ድረስ ሄዶ ማንንም መክሰስ አያስፈልግም፣ ኤጀንሲው እዚሁ ነው። ያንን ስነግራት ብዙም አልተደነቀች። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለች። ይፈጃል አልኳት።

በረካው ካለቀ በኋላ እህቴ በኢሞ ደወለች። ሌሊት ነው ነጻ የምትሆነው። የሷ ውል የት እንዳለ ጠየቅኳት። ሳቀች። «ከፍዬ ያስተማርኩሽ እኔኑ እንድትመረምሪኝ ነው?» ማዳም ጋ ነው፣ ግን ፎቶ አለኝ አለች። ላከችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ተጽፏል።

«ትወስጃለሽ?»

«የምን ዕረፍት?» አለችኝ።

ለማዳም እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት አብረን ቃል በቃል አዘጋጀን። እንዳትቆጣ አድርገን፣ ፎቶውንም ይዛ። እኔ ነገ ንገሪያት አልኩ። እሷ ግን ረመዳን ሊገባ ነው፣ ቤቱ እንግዳ ይሞላል፣ ማዳምም ትደክማለች፣ ከዒድ በኋላ ነው የሚሻለው አለች። የምታውቃት እሷ ናት። ከዒድ በኋላ ይሁን አልኩ፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን የዛሬዋን ቀን ጻፍኩ፣ ማስረጃው ላይ «ፎቶ፣ ገጽ ሁለት»።