ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ያለው ድርቆሽ

እንኳን ለገና ዋዜማ አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ቺካጎ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ ለዶሮው ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው። እስኪደርስልኝ አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ዲሴምበር 24 ማታ ታች ቤት የሚኖሩት ፖላንዳዊት እናት እራት ጠሩኝ። «ጾም ላይ ነኝ» ብላቸው «እኛስ?» አሉኝ። ለካ ቪጊሊያ የሚሉት የዋዜማ እራታቸው ሥጋ የለበትም። በወጉ ዐሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ የቀይ ሥር ሾርባ፣ ጎመንና እንጉዳይ የገባበት ፒየሮጊ የሚሉት የታጠፈ ሊጥ፣ አሳም አለ። (አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ጭቅጭቅ እዚህ አልጀምርም። አልበላሁም፣ አለቀ።) ፒየሮጊውን ለእኔ ሲሉ በዘይት ጠብሰውልኛል።

የመጀመሪያዋ ኮከብ ሳትታይ አይበላም። በዚያ ደመና ኮከብ ከየት ይምጣ፣ ሰዓት አይተን ተቀመጥን። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ ከልብሱ ሥር የሆነ ነገር ኮሽ አለ። ድርቆሽ! ከአገር ቤት የሚላክልን የእንጀራው እንዳይመስላችሁ፣ የከብቱ ነው፣ ጌታ በግርግም መወለዱን ለማስታወስ። ከዚያ ኦፕዋቴክ የምትባል እንደ ወረቀት የሳሳች ቂጣ መጣች፤ አንዱ ከሌላው እየቆረሰ ይመራረቃል። እሳቸው በፖላንድኛ መረቁኝ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሁለታችንም አሜን አልን።

አንድ ትርፍ ሰሃን ነበር። ላልታሰበ እንግዳ ነው አሉ። «በቃ የእኔ ነዋ!» ብላቸው «አንቺማ ተጠርተሻል» ብለው ሳቁብኝ።

እኚህ እናት የመጡት እ.ኤ.አ. በ1981 አገራቸው ላይ ወታደራዊ አገዛዝ ከታወጀ በኋላ ነው፤ የእኛም ሰው ከደርግ ሸሽቶ እዚህ የሚገባበት ዘመን ነበር። ወገኖቻቸው ግን ቀድመዋቸዋል። እዚሁ ቺካጎ ያለው የፖላንዶቹ የቅዱስ ስታኒስላውስ ኮስትካ ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1867 ነው፤ ያኔ ፖላንድን ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተቀራምተዋት ካርታ ላይ እንኳን አልነበረችም። በ1950ዎቹ አውራ ጎዳና ሊሠራ ሲታቀድ ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ ላይ ወደቀ። ምእመናኑ ሞተን እንገኛለን አሉ፣ መንገዱ ታጠፈ። ኬኔዲ በሚባለው በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ ኡበር የምትነዱ ታውቁታላችሁ፣ ሕንፃው መስኮታችሁን ሊነካ ምንም አይቀረው።

የልጅ ልጃቸው ፖላንድኛ ሦስት ቃል አይሞላለትም። ድርቆሹን ያነጠፈው ግን እሱ ነው፣ ሲያነጥፍ ማንም እንዲያግዘው አይፈልግም አሉ። የእኔዋም ልጅ አማርኛዋ ያው ነው፤ ዛሬ ጠዋት «ቄጠማው የታለ?» ብላ አፋጠጠችኝ። በጃንዋሪ ቺካጎ ላይ ቄጠማ!

ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነው፣ ልሂድ። ነገ አንድ ትርፍ ሰሃን አስቀምጣለሁ፤ ቺካጎ ያላችሁ ሳትጠሩ ኑ። መልካም ገና!