ዳኛው የገዛው መሬት ለምን አልረጋም? የፓስተኖች ነገር

ሐረር ላይ የእርሻ ድንበር ወይም የጁገል ቤት ክርክር የተከታተለ ሰው ፓስተኖች አይከብዱትም። በ15ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ኖርፎክ የኖሩ፣ ደብዳቤዎቻቸው እስከ ዛሬ የሚነበቡ ቤተሰብ ናቸው። የዘራቸው መነሻ ክሌመንት የሚባል ገበሬ ነው። ጠላቶቻቸው ሊያዋርዷቸው በጻፉት ማስታወሻ ላይ፣ ኮርቻ በሌለው ፈረስ እህሉ ላይ ተቀምጦ ወፍጮ ይሄድ ነበር ይላል። ገንዘብ ተበድሮ ልጁን ዊሊያምን አስተማረ፤ ዊሊያም በ1429 እ.ኤ.አ. ዳኛ ሆነ፣ ርስት በርስት ላይ ገዛ። በ1444 ሲሞት ጥላው አብሮት ሄደ።

በ1448 ሎርድ ሞሊንስ ግሬሻም የሚባለውን ርስት በጉልበት ያዘ። የዳኛው ምራት ማርጋሬት ለንደን ላለው ባሏ ስትጽፍ፣ ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ስላለ ረጅም ቀስት አያስወረውርምና በመዘውር የሚወጠረውን ቀስት ላክ አለች። እዚያው ደብዳቤ ላይ አንድ ፓውንድ አልመንድ፣ አንድ ፓውንድ ስኳርና የልጆች ልብስ ጨርቅ አዘዘች። ድሬ ለሚወርድ ሰው እንደምናስይዘው ዝርዝር ነው።

ሰነዳቸው ደካማ አልነበረም። ከ1195 ጀምሮ በፍርድ ቤት የሚጸድቅ የመሬት ውል በአንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ይጻፍ ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሦስተኛው ከግርጌ። ከዚያ በሞገድ መስመር ይቆረጥ ነበር። ሁለቱን ተዋዋዮች ይወስዱ ነበር፣ ግርጌው መዝገብ ቤት ይቀር ነበር። አንዱ ፎርጅድ ቢያመጣ ቁርጡ አይገጥምም ነበር። ይሁን እንጂ ብራና ባለጉልበትን ከግቢ አያስወጣም።

ትልቁ ጣጣ ኬይስተር የሚባለው ግንብ ነው። ባለቤቱ ፋስቶልፍ የሚባል ባላባት ልጅ አልነበረውም። በ1459 ሲሞት የዳኛው ልጅ፣ የማርጋሬት ባል ጆን «ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው በቃሉ ተናዞልኛል» አለ። የእኛ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን በቀብር ሥርዓት፣ በሞግዚት ጉዳይና ከ500 ብር በማይበልጥ ስጦታ የገደበው እንዲህ ያለውን ፈርቶ ይመስለኛል። መሬቱ ደግሞ በብዙ ባለአደራዎች ስም ነበር። እነሱ ሳይስማሙ ቀሩና በ1468 አንዳንዶቹ ኬይስተርን ለኖርፎክ መስፍን ሸጡት። ጆን በክርክሩ መሃል ታስሮ ተፈትቶ በ1466 ሞቷል። (ሁለቱ ታላላቅ ልጆቹም ጆን ናቸው፤ ደብዳቤዎቹን የሚያነብ ቀኑን ሳያይ አይፍረድ።) በ1469 መስፍኑ ግንቡን ከበበው። ውስጥ የነበሩት 30 ያህል ነበሩ፤ ከሳምንታት በኋላ ለቀቁ። ፓስተኖች ኬይስተርን ያገኙት በ1476 መስፍኑ በድንገት ሲሞት ነው። ከፋስቶልፍ ሀብት ብዙው ግን በስምምነት ኦክስፎርድ ላለው ማግደሊን ኮሌጅ ሄዷል።