«ዋይ?» ያለችው ልጄ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት አዲስ አበባ ገብቼ ሳምንት ሳይሞላኝ ነው። አራት ኪሎ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። አንዷ ልጄን ትኩር ብላ አየቻትና «ታድላ! እንግሊዝኛው ከአፏ እንደ ውሃ ይፈሳል» አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት፤ «እዚያ ልጅ የሚያሳድግላችሁ መንግሥት አይደል?» ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ለንደን ላይ ልጄን የሚያሳድግልኝ ታብሌት ነው ብዬ እንዴት ልናገር?

እውነቱ ግን እሱ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ስገባ ዓይኔ አይከፈትም። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ታብሌቷን ይዛ ሶፋ ላይ ጋደም ትላለች፣ እኔ አጠገቧ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። የምትሞትለት ካርቱን «ቲንጋ ቲንጋ ቴልስ» ይባላል። እንስሳቱ ናቸው ተረቱን የሚያወሩት። እባብ ለምን እግር የለውም? ጉማሬ ለምን ፀጉር የለውም? ዝሆን ኩምቢውን ከየት አመጣው? ነገሩ ሁሉ በ«ለምን» ይጀመርና በ11 ደቂቃ ያልቃል። የቢቢሲ የልጆች ቻናል ማሳየት የጀመረው በፈረንጆቹ 2010 ነው። ስዕሉ ታንዛኒያዊው ሰዓሊ ኤድዋርድ ሳይዲ ቲንጋቲንጋ በ1960ዎቹ ዳሬሰላም ላይ የጀመረው የአሣሣል ዓይነት ነው፤ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። የት ተሠራ ብትሉ ናይሮቢ። ከቦሌ ሁለት ሰዓት በረራ! የጎረቤታችን ተረት በለንደን ዞሮ ነው እኔ ቤት የገባው።

እኔማ ኮርቼ ነበር። «ልጄ የአፍሪካ ተረት ነው የምታየው፣ አልጠፋችም» እያልኩ።

ኩራቴ አፈር የበላው እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው። እሁድ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ሞልቷል፣ ልጆቹ ቄጤማው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ናቸው። እማዬ ልጄን ወደ ጭኗ ሳብ አደረገቻትና ድምጿን ለወጥ አድርጋ «ተረት ተረት!» አለች።

ልጄ ቀና ብላ «ዋይ?» አለቻት።

ቤቱ ጭጭ አለ።

«ዋይ?» ደገመች፣ አሁን ጮክ ብላ።

እማዬ ደረቷን ያዘች። «በስመ አብ! ልጄን ምን አገኘብኝ? ማን ሞተ ብለዋት ነው?» አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች፤ ለለቅሶ ይሁን ለሳቅ እስካሁን አልገባኝም። እኔ መሃላቸው ቆሜ «ኧረ ለምን ማለቷ ነው! በእንግሊዝኛ ነው!» እላለሁ። በእናቴና በልጄ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ አረፍኩት።

የእህቴ ልጅ የደረሰልኝ መሰለኝ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «የላም በረት» አለ። ሴቶቹ አጨበጨቡለት። ትንሽ ቆይቶ ግን «እማማ፣ ላም በረት መናኸሪያው ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ልጅ! ከዚያ ሁለቱ በዩቲዩብ እንግሊዝኛ ተግባቡ። የእሱ እንዲያውም ከልጄ ይልቅ አሜሪካ አሜሪካ ይላል።

«በይ አንቺ ንገሪያቸው፣ በአባባ ተስፋዬ ያደግሽው» አለችኝ እማዬ። እውነቷን ነው። አገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ያወሩ ሰው ናቸው። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን ከተቀመጥንበት ብድግ ብለን እጅ እንነሳ ነበር፤ በመስኮቱ የሚያዩን ይመስለናል። በ2009 ዓ.ም. ማረፋቸውን ያነበብኩት ለንደን ባቡር ውስጥ ነው። ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

እናም ጀመርኩ። ዝናብ ጠፋ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ከመካከላችን ኃጢአተኛ ቢኖር ነው፣ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ በላሁ አለ፣ «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው» ተባለለት። ነብርም ጅብም የበሉትን ተናገሩ፣ ለእነሱም እንደዚያው። የአህያ ተራ ደረሰ። አህያ... አህያ ምን አደረገች?

ጠፋኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የመሥሪያ ቤቴን የእሳት አደጋ መመሪያ በቃሌ እወጣዋለሁ፣ የአህያዋን ኃጢአት ግን ረሳሁት።

«ጌታዋ ቆሞ ወሬ ሲያወራ መንገድ ዳር ሣር ነጨች» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «ከዚያ በሏት።»

ይሄን ስተረጉምላት ልጄ እንባዋ መጣ። ለንደን ሲኒማ የሚገባ ፊልም ስንት ዓመት ለሞላው እንደሆነ ተለክቶ ነው። እኛ ደግሞ አህያዋን አስበልተን «በሉ ተኙ» እንላለን። የትኛው እንደሚሻል እንጃ። እኔ ተኝቼ ነው ያደግኩት።

ልትወጡ ያሰባችሁ፣ ሻንጣችሁን በርበሬና ሽሮ እንደምትሞሉት አውቃለሁ። በርበሬ ለንደንም አለ፣ ተወደደ እንጂ። እናታችሁን ግን ስልካችሁ ላይ ቅዱ፤ ተረቷን፣ ሳሏን፣ ሁሉንም። «እኔ አማርኛ አልረሳም» አትበሉኝ። እኔም አማርኛ አልረሳሁም፣ አህያዋን ነው የረሳሁት። አገር ቤት ያላችሁም ብዙ አትሳቁብኝ፤ ላም በረት መናኸሪያ የሆነው እናንተው ቤት ነው።

አሁን እማዬ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ትደውላለች። ልጄ ስልኩን ከእጄ ትነጥቅና ገና ፊቷን ስታይ፣ ሆን ብላ፣ «ዋይ?» ትላታለች።

«ዋይ አትበይብኝ፣ ገና አለሁ» ትላለች እማዬ።