«ታስረህ ታውቃለህ?» እና ሌሎች ወረቀት ላይ የሚያሳስቱ ቃላት

የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ ኤን-400 ስለ ወንጀል የሚጠይቅ ክፍል አለው። በቃለ መጠይቁ ዕለት መኮንኑ ጥያቄውን በቃሉ ይደግመዋል። ወደ አማርኛ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ «ታስረህ ታውቃለህ?» ይሆናል፤ መልሱም ወዲያው «በፍጹም!» ነው። በእኛ ቋንቋ የታሰረ ሰው ማለት ወህኒ የወረደ፣ ቤተሰብ ስንቅ ያመላለሰለት ሰው ነውና። እንግሊዝኛው ግን አሬስትድ፣ ሳይትድ፣ ዲቴይንድ፣ ቻርጅድ እያለ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከፊታቸውም «ኤቨር» የሚለው ቃል በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ በዕድሜህ ሙሉ አንድ ጊዜም ቢሆን ማለት ነው።

አሬስት መያዝ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ አሻራ አንስቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ የለቀቀው ሰው አሬስት ተደርጓል፤ ክስ ባይመሠረትበትም። ሳይት ፖሊሱ ሰውየውን ሳይወስድ ወረቀት ጽፎ «ክፈል» ወይም «ፍርድ ቤት ቅረብ» ሲለው ነው፤ የትራፊክ ቲኬት እዚህ ውስጥ ይገባል። ዲቴይን ለማጣራት ብሎ አስቁሞ ማቆየት ነው። ቻርጅ ክስ ሲመሠረት፣ ኮንቪክት ጥፋተኛ ሲባል፣ ሴንተንስ ቅጣት ሲወሰን ነው። እኛ ይህን ሁሉ «ታሰረ» እና «ተከሰሰ» በሚሉ ሁለት ቃላት እንጨርሰዋለን።

ከሁሉ በላይ የእኛን ሰው የሚጎዳው ግን ሌላ ነው። ጥያቄው አሜሪካ ውስጥ ብቻ አይልም፤ ሌላ አገርም ይላል፣ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣንም ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በፖለቲካ ምክንያት የተያዘ፣ ሱዳን ወይም ሊቢያ በፖሊስ ወይም በወታደር ተይዞ ካምፕ የቆየ፣ በሜክሲኮ ድንበር ገብቶ ዲቴንሽን የሰነበተ ሰው መልሱ «የስ» ነው። ይህ ሰው ጥገኝነት ሲጠይቅ በሞላው ፎርም፣ በአይ-589 ላይ መታሰሩን በዝርዝር ጽፏል፤ ጥገኝነት ያሰጠውም ያው እስር ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ኤን-400 ላይ «ኖ» ካለ መኮንኑ ፊት ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያለ ጥፋት መታሰሩ ዜግነት አያስከለክለውም። መሐላ ላይ ሆኖ ሐሰት ተናገረ መባሉ ግን ሊያስከለክለው ይችላል። ስለዚህ ኤን-400 ከመሞላቱ በፊት የድሮውን የአይ-589 ቅጂ አውጥቶ ማንበብ ግድ ነው። ቅጂው የሌለው ሰው ከያኔው ጠበቃው ይጠይቅ።

አሜሪካ ውስጥ ለተያዘ ሰው የሚያስፈልገው ሰነድ ሰርቲፋይድ ኮርት ዲስፖዚሽን ይባላል፤ ጉዳዩ በምን እንዳለቀ የሚገልጽ የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። የኬዝ ቁጥሩን ይዞ ጉዳዩ የታየበት ፍርድ ቤት ክለርክ ቢሮ በመሄድ ይወጣል። ከኢንተርኔት የታተመ ገጽ አይተካውም። ተራ የትራፊክ ቅጣት ይጻፋል እንጂ ሰነድ አይጠየቅበትም፤ አልኮል ወይም ዕፅ ካለበት፣ መያዝ ካስከተለ ወይም ሰው ክፉኛ ከጎዳ ግን ይጠየቃል።

እዚህ ላይ «ክሱ ተዘግቷል» የሚለው አማርኛችን ሌላ ጉድ ይሸፍናል። ዲስሚስ የተደረገ፣ ማለትም ውድቅ የሆነ ክስ አለ፣ ኤክስፐንጅ ተደርጎ ከመዝገብ የተፋቀ አለ፣ ደግሞ «ጥፋቴን አምኜ ኮርስ ወሰድኩ፣ ዳኛው ዘጋልኝ» የሚባል አለ። ሦስተኛው በስቴቱ ሕግ ኮንቪክሽን ላይሆን ይችላል። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሰውየው ጥፋቱን ካመነ ወይም አልከራከርም ካለ፣ ዳኛውም አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለ፣ ኮንቪክሽን ነው። ኋላ መፋቁ በአብዛኛው አይጠቅምም። በእ.ኤ.አ. 2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲያ ጉዳይ፣ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ጥፋቱን ማመኑ ለመባረር ሊዳርገው እንደሚችል የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ ጠበቃው መንግሥት ያቆመው ቢሆንም «አሜሪካዊ ዜጋ አይደለሁም» ብሎ መንገርና መልሱን መጠበቅ የሚገባው «ጊልቲ» ከመባሉ በፊት ነው።

ሁለተኛው ችግር «ከለከሉኝ» የሚለው ቃላችን ነው። የኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ዩኤስሲአይኤስ ወረቀቱን ሪጀክት አደረገ ማለት ሳያየው መለሰው ማለት ነው፦ ፊርማ ጎድሏል፣ ክፍያው ተሳስቷል፣ ፎርሙ አሮጌ እትም ነው። ገንዘቡ አብሮ ይመለሳል፤ ይግባኝ የለውም፤ አስተካክሎ መላክ ነው። ጣጣው ቀኑ ላይ ነው። የተመለሰ ማመልከቻ እንደገባ አይቆጠርም። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ለትዳር ጓደኛውና ከ21 ዓመት በታች ላሉ ላላገቡ ልጆቹ አይ-730 የሚያስገባው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የተላከና ያልተፈረመ ፎርም ሲመለስ ጊዜው አልፎ ይገኛል። በኮምፒውተር የተጻፈ ስም ፊርማ አይደለም፤ በእጅ ይፈረም። ከገጹ ግርጌ ያለው የእትም ቀን በሁሉም ገጾች አንድ መሆኑ፣ በድረ ገጹ ላይ ካለውም ጋር መመሳሰሉ በሚላክበት ቀን ይታይ።

ዲናይ ሌላ ነው። ወረቀቱ ታይቶ፣ ተመርምሮ «አይሆንም» ተብሏል። ገንዘቡ አይመለስም፤ ምክንያቱ በደብዳቤ ይመጣል። ይግባኝ ወይም እንደገና ይታይልኝ ማለት ከተፈቀደ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን፣ ደብዳቤው በፖስታ ከተላከ 33 ቀን ነው። ኤምባሲ ላይ ያለው ደግሞ ሪፊውዝድ ነው። በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 221(ጂ) የሆነ እንደሆነ አንድ ሰነድ ጎድሏል ወይም ማጣራት ቀርቷል፤ የጎደለው በ1 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንደ አዲስ ከፍሎ ማመልከት ይመጣል። በ214(ቢ) ከሆነ «ተመልሰህ እንደምትሄድ አላሳመንከኝም» ነው፤ ይግባኝ የለውም። እናቱን ለልጁ ልደት የጠራ ሰው ኢንተርኔት ላይ «ሪፊውዝድ» የሚለውን አይቶ ሁሉን ነገር ከመተዉ በፊት በእጃቸው የተሰጣቸውን ወረቀት ቁጥር ይመልከት። ለወደፊቱ «ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ሁለቱም «የስ» ናቸው።

ስለ እናት ካነሳን፣ «ቪዛዋ ሊያልቅ ነው» የሚለው ጭንቀትም ከዚሁ የቃላት መደባለቅ የሚመጣ ነው። ቪዛ በር ላይ ለማንኳኳት ነው። ገብቶ መቆየቱ ስታተስ ነው፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚናገረውም አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው፣ በፓስፖርት ቁጥር ከድንበር ጥበቃው ድረ ገጽ ይወጣል። ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። ቪዛው በወሩ ቢያልቅም አይ-94 ላይ ያለው ቀን እስኪደርስ መቀመጥ ሕጋዊ ነው። በተቃራኒው ቪዛው ገና ዓመት ቢቀረውም አይ-94 ካለፈ ሕግ ተጥሷል፤ በአንድ ቀን እንኳ ያሳለፈ ሰው ቪዛው ይሰረዛል። የአይ-94 ቀኑ ካለፈ በኋላ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ለ10 ዓመት መመለስ አይችልም። ማራዘሚያው አይ-539 ሲሆን የሚገባው ቀኑ ከማለፉ በፊት ነው። ይኸው ልዩነት ግሪን ካርድ ላይም አለ፦ የ10 ዓመቱ ካርድ ሲያልቅ የሚያልቀው ካርዱ እንጂ ነዋሪነቱ አይደለም።

አገር ቤት ከርሞ መመለስ ለሚወድ ሰው ደግሞ «ኖሬአለሁ» የሚለው ቃል ሁለት ሒሳብ አለው። ፊዚካል ፕረዘንስ በእግር አሜሪካ ላይ የቆመበት ቀን ድምር ነው፤ ለዜግነት በ5 ዓመት ውስጥ 30 ወር ያስፈልጋል፤ የሄደበትም የተመለሰበትም ቀን ይቆጠራል። ኮንቲኒዩስ ሬዚደንስ ኑሮው አለመቋረጡ ነው። ከ6 ወር በላይ ውጭ የቆየ ሰው ኑሮው እንደተቋረጠ ይገመታል፤ ሥራውን እንዳልለቀቀ፣ ቤተሰቡ እዚህ እንደነበረ፣ የቤት ኪራይ እንደከፈለ በወረቀት ማሳየት ይጠበቅበታል። 1 ዓመት ከሞላ ተቋርጧል፤ እንደገና ለማመልከት ከተመለሰበት ቀን 4 ዓመት ከ1 ቀን መጠበቅ አለበት። ሪኤንትሪ ፐርሚት (ውጭ ቆይቶ ለመመለስ የሚሰጥ ፈቃድ) ይዣለሁ ማለት እዚህ አያድንም፤ እሱ ግሪን ካርዱን ይጠብቃል እንጂ የዜግነቱን ሒሳብ አይደለም።

አዲስ ሥራ ሲገባ የሚሞላው አይ-9 አራት ሳጥን አለው። የመጀመሪያው ሲቲዝን ነው። ሁለተኛው ናሽናል ይላል፤ ይህ «ዜግነት» አይደለም፣ የኛን ሰው የሚመለከት አይደለም፣ የሚመለከተው በዋናነት የአሜሪካን ሳሞአ ደሴት ተወላጆችን ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሦስተኛውን፣ ግሪን ካርድ ገና ያልያዘ ጥገኛና ስደተኛ አራተኛውን ያመልክት። ሲቲዝን ሳይሆኑ ሲቲዝን ነኝ ማለት ከ1996 ወዲህ ይቅርታ የሌለው ሊባል የሚችል ጥፋት ነው። መንጃ ፈቃድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ ፈጠን ብላ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ስትል መልሱ «ኖ» ነው፤ ለምርጫ መመዝገብ ሲቲዝን ነኝ ማለት ነውና፤ እስክሪኑ ላይ ከመፈረም በፊትም ያች ሳጥን ባዶ መሆኗ ይታይ። ሳያውቅ የተመዘገበ ሰው ለካውንቲው ምርጫ ቢሮ በጽሑፍ «ሰርዙልኝ» ይበል፣ የደብዳቤውን ቅጂ ያስቀምጥ፣ ኤን-400 ከመላኩ በፊትም ያን ቅጂ ይዞ ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሂድ።